ወደ ጎን የሚደረግ እንቅስቃሴ፤ በእንስሳት፣ በመሣሪያዎችና በዕለት ተዕለት ንግግር

በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት ስለ እንስሳት አካሄድ በሚነገርበት ጊዜ፣ ዓሣ ይዋኛል፣ ወፍ ይበራል፣ እባብ ይሳባል ከተባለ በኋላ፣ ሸርጣን ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መታከሉ የተለመደ ነው። ተማሪዎች ይስቃሉ፤ ደፋር የሆነው ተነሥቶ እጆቹን እንደ መቆንጠጫ ዘርግቶ በወንበሮች መካከል ያሳያል፤ ከዚያም ትምህርቱ ወደሚቀጥለው አርእስት ያልፋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚሁ ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍል ወንዝ አቋርጦ ስለሚዋኝ ሰው ሲጠየቁ፣ በሒሳብ ክፍል አግድም መሥመር አስምሩ ሲባሉ፣ በጂኦግራፊ ክፍል የከፍታ መሥመሮች ያሉበት ካርታ ሲሰጣቸው፣ በቀያቸውም ተዳፋት መሬት አግድም ይታረስ የሚል ምክር ሲሰሙ፣ አንዱ ጥያቄ አራት ጊዜ እንደ ቀረበላቸው ሳያስተውሉ አራት የተለያዩ መልሶችን በቃላቸው ይይዛሉ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ጎን የሚባለው የማን ጎን ነው?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። ወደ ፊት የሚለው አነጋገር የአቅጣጫ ስም ከመሆኑ በፊት የአካል ስም ነው፤ ፊት ዐይንና አፍንጫ ያሉበት ክፍል ነውና። ጎንም የጎድን አጥንት ያለበት የአካል ክፍል ነው። በመሆኑም አንድ ፍጡር ወደ ጎን ሄደ ሲባል፣ ፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ አካሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተጓዘ ማለት ነው። በምድር ላይ ሰሜን አለ፣ ምሥራቅ አለ፣ ሽቅብና ቁልቁልም አለ፤ ጎን የሚባል አቅጣጫ ግን የለም። ጎን የሚገኘው ፊት ያለው ነገር ሲኖር፣ ወይም ሰው ለአንድ ነገር ፊት ሲሰጠው ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ምሳሌዎች ሁሉ ይህንኑ የሚመለከቱ ናቸው።

የሸርጣንና የእፉኝት አካሄድ

ሸርጣን የሚለውን ቃል በደጋው አገር አያሌ ሰው ከእንስሳው ይልቅ በኮከብ ቆጠራ ያውቀዋል። ኮከቡ ሸርጣን ነው የተባለ ሰው እንስሳውን በዐይኑ ሳያይ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። ቃሉ ከአረብኛው ሰረጣን ጋር አንድ ሥር አለው፤ ይኸው ቃል በሳይንሳዊ አጠራርም ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል ከዴንማርክ የዓረብ አገር የጥናት ጓድ ጋር በቀይ ባሕር አካባቢ ተዘዋውሮ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሞተ። ጽሑፎቹ እ.ኤ.አ. በ1775 ሲታተሙ በቀይ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ለሚሮጠው ሸርጣን የሰጠው ስም ሳራታን የሚል ነበር፤ እንስሳው እስከ ዛሬ በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ ኦሲፖዴ ሳራታን ይባላል። እንስሳውን ለማየትም የግድ ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልግም፤ ፖታሞናውቴስ የሚባሉት የአፍሪቃ የወንዝ ሸርጣኖች በኢትዮጵያ ጅረቶችም በድንጋይ ሥር ይኖራሉ።

ሸርጣን ወደ ጎን የሚሄድበት ምክንያት በእግሮቹ መገጣጠሚያ ላይ ነው። አካሉ ጠፍጣፋና ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ የሚበልጥ ሲሆን፣ ከሁለቱ መቆንጠጫዎች ሌላ ያሉት ስምንት መራመጃ እግሮች በግራና በቀኝ ተጠጋግተው ተተክለዋል። ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰፊው ይታጠፋሉ፤ የሚታጠፉትም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው። እንስሳው ወደ ቀኝ ሲሮጥ የቀኝ እግሮቹ ተዘርግተው መሬቱን ይዘው አካሉን ይስባሉ፣ የግራ እግሮቹ ደግሞ ታጥፈው ሲዘረጉ ይገፋሉ። እግሮቹ እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ቢወናጨፉ እርስ በርሳቸው በተጠላለፉ ነበር። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ ጠላት ሲመጣበት መዞር ሳያስፈልገው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ወዲያውኑ ይፈተለካል። በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚኖሩት ፈጣን ሸርጣኖች በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይሮጣሉ፤ ይህ ለእንስሳው ትንሽነት ከፍተኛ ፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ የተለመደው ዓረፍተ ነገር መጠነኛ እርማት ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ሸርጣኖች ካልተቻኮሉ ቀስ ብለው ወደ ፊትም መራመድ ይችላሉ። በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻዎች በመንጋ የሚዘዋወሩት፣ ሰውነታቸው ክብ የሆነው ሚክቲሪስ የሚባሉት ሸርጣኖች ደግሞ ዘወትር የሚሄዱት ወደ ፊት ነው። የአካል ቅርጽ ሲለወጥ የአካሄድ አቅጣጫም ይለወጣል ማለት ነው፤ ለተማሪ የሚጠቅመውም ይህ ነው እንጂ ሸርጣን እንግዳ እንስሳ መሆኑ አይደለም።

ሰው በበኩሉ የሸርጣን ተቃራኒ ነው። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፉት በፊትና በኋላ አቅጣጫ ስለሆነ ወደ ጎን ሲሄድ አንዱን እግር ከፍቶ ሌላውን ማስከተል፣ በየእርምጃውም ቆሞ እንደገና መነሣት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰው አንድን ርቀት ወደ ጎን እየተራመደ ሲሄድ የሚያወጣው ጉልበት ወደ ፊት ሲሄድ ከሚያወጣው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሰው ከአንድና ከሁለት እርምጃ በላይ ወደ ጎን መሄድ ሲያስፈልገው ይዞርና ወደ ፊት ይሄዳል። በማዳጋስካር የሚኖረው ሲፋካ የተባለው የዛፍ እንስሳ ግን መሬት ሲወርድ በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ወደ ጎን እየዘለለ ይጓዛል፤ እግሮቹ ከግንድ ወደ ግንድ ለመወንጨፍ እንጂ በመሬት ላይ ለመራመድ የተሠሩ አይደሉምና።

የእባብ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ እግር የለውምና ማጠፊያው ምክንያት ሊሆን አይችልም። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ በሰሃራና በናሚብ ምድረ በዳዎች የሚኖሩ አንዳንድ እፉኝቶች በተንሸራታች አሸዋ ላይ አካላቸውን እንደ ሞገድ እያነሡ እየጣሉ ሰያፍ በሆነ አቅጣጫ ይጓዛሉ። በማንኛውም ቅጽበት አሸዋውን የሚነካው የአካላቸው ክፍል ጥቂት ነው፤ የሚነካውም ክፍል አይንሸራተትም፤ ይጫናል፣ ይነሣል፣ ከፊት ለፊቱ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ይጫናል። በአሸዋው ላይ የሚቀረው ዱካ እርስ በርሱ የተለያየ፣ ጎን ለጎን የተደረደረ የሰያፍ መሥመር ብዛት ነው። አንዱን መሥመር ለብቻው የሚመለከት ሰው እባቡ በዚያ መሥመር አቅጣጫ የሄደ ይመስለዋል፤ እባቡ ግን የሄደው መሥመሮቹን አቋርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ እባብ በተሠራ ሮቦት ረዳትነት ባቀረቡት ጥናት፣ የአሸዋው ዳገትነት እየጨመረ ሲሄድ እፉኝቱ ከመሬት የሚያገናኘውን የአካሉን ርዝመት እንደሚጨምር ታይቷል። ሮቦቱም ይህንኑ እንዲያደርግ ከተስተካከለ በኋላ ቀድሞ ይንሸራተትበት የነበረውን የአሸዋ ዳገት ለመውጣት ችሏል።

ጎማ፣ ነፋስና ወንዝ

ከእንስሳ ወደ መሣሪያ ሲታለፍ በመጀመሪያ የሚገኘው ጎማ ነው። ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ ወደ ጎን ግን እንዳይንሸራተት መሬቱን ይይዛል፤ መኪና በመንገድ ጥምዝ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በሁለት በቆሙ መኪኖች መካከል ለማቆም የሚፈልግ ሾፌር የሚያስፈልገው በትክክል ጎማው የሚከለክለውን እንቅስቃሴ ነው። ሾፌሩ መሪውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሪውን ወደ ተቃራኒው ጎን መልሶ እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጥቂት ወደ ፊት ይመጣል። በመጨረሻ መኪናው ቀድሞ ወደሚያይበት አቅጣጫ እያየ ከመንገዱ ጠርዝ ተጠግቶ ይቆማል። አንድም ጊዜ ወደ ጎን ሳይሄድ ወደ ጎን ሄዷል። የተፈቀዱ ሁለት እንቅስቃሴዎች በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲጣመሩ ያልተፈቀደ ሦስተኛ እንቅስቃሴ ይገኛል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን መኪናው ወይ ተጋድሞ ይቀራል ወይ ከጠርዙ ጋር ይጋጫል። ይህ ሐሳብ በከፍተኛ ሒሳብ ውስጥ ሰፊ ቦታ ያለው ሲሆን ማንኛውም ለመንጃ ፈቃድ የተፈተነ ሰው በእጁ ያውቀዋል።

ጎማውን ራሱን ለውጦ ችግሩን የፈታ መሐንዲስ አለ። ስዊድናዊው ቤንግት ኢሎን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የፈለሰፈውና መካኑም በሚል ስም የሚታወቀው ጎማ፣ ዙሪያውን እንደ በርሜል መሐላቸው ወፈር ባሉ ትንንሽ መሽከርከሪያዎች የተከበበ ነው። እነዚህ መሽከርከሪያዎች ከጎማው አቅጣጫ 45 ዲግሪ ተጣምመው ስለ ተተከሉ እያንዳንዱ ጎማ ሲዞር የሚገፋው በሰያፍ ነው። አራቱም ጎማዎች ወደ ፊት ሲዞሩ የጎን ግፊታቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋና መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል። የግራው የፊት ጎማና የቀኙ የኋላ ጎማ ወደ ፊት፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ኋላ ሲዞሩ ደግሞ የፊትና የኋላ ግፊቱ ይጠፋፋና የጎኑ ግፊት ተደምሮ መኪናው ፊቱን ሳያዞር ወደ ቀኝ ይሄዳል። በጠባብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ለሚያነሡ ፎርክሊፍቶችና ለፋብሪካ ሮቦቶች እጅግ ተስማሚ ነው። ሆኖም ከግፊቱ ብዙው እርስ በርሱ ሲጠፋፋ ጉልበት ይባክናል፤ ጎማውም የሚስማማው ለለስላሳ ወለል ብቻ ነው። የተለመደው ጎማ እስከ ዛሬ ያልተተወው ወደ ጎን አለመሄዱ ከጉድለቱ ይልቅ ጥቅሙ ስለሚበልጥ ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላን ይታለፍ። ነፋስ ከጎን በሚነፍስበት ጊዜ ለማረፍ የሚቃረብ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ከማረፊያው ሜዳ ጋር ሰያፍ ሆኖ ሲመጣ ይታያል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ቢገጥመው፣ መሥመሩን ሳይለቅ ለመጓዝ አፍንጫውን 14 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ነፋሱ ማዞር ይኖርበታል፤ በመሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ ወደ 194 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። አብራሪዎች ይህን አበራረር በሸርጣን ስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1952 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቢ-52 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላንም በዚህ ሁኔታ ሰያፍ ሆኖ እንዲያርፍ፣ ጎማዎቹ እስከ 20 ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲዞሩ ተደርጎ ተሠርቷል።

ስሙ ያማረ ቢሆንም ያሳስታል። ሸርጣን ወደ ጎን የሚሄደው ከራሱ ፊት አንጻር ነው። አውሮፕላኑ ግን በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ሲታይ ከአፍንጫው አቅጣጫ ምንም ያህል ፈቀቅ ሳይል በቀጥታ ወደ ፊት ይበራል፤ ወደ ጎን የሚሄደው አየሩ ነው፣ አውሮፕላኑንም ይዞት ይሄዳል። በመሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሰያፍ የሚሄድ አውሮፕላን፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ከነፋሱ ጋር ለሚነዳ ሰው ፊቱን ይዞ የሚሄድ አውሮፕላን ነው። ሁለቱም ተመልካቾች ትክክል ናቸው። አንዱን እንቅስቃሴ ሁለት የተለያዩ ስሞች የሚያሰጠው የተመልካቹ መነሻ ነው፤ መምህሩ ይህን ነጥብ ካለፈ የቬክተር ትምህርት ለተማሪው የቀስት ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ወንዙ ለአገራችን ተማሪ ከአውሮፕላኑ የቀረበ ነው። ስፋቱ 60 ሜትር የሆነ፣ ውኃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚወርድ ወንዝ ቢኖርና በሰከንድ 1 ሜትር የሚዋኝ ሰው ፊቱን በቀጥታ ወደ ማዶ አድርጎ ቢነሣ፣ በ60 ሰከንድ ይሻገራል፤ የሚወጣው ግን ካሰበው ቦታ 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ውኃው ስለ ወሰደው ዘግይቷል ብለው ይመልሳሉ፤ አልዘገየም። የሚዘገየው በትክክል ከፊት ለፊቱ መውጣት የፈለገው ሰው ነው፤ እርሱ ፊቱን 30 ዲግሪ ወደ ወንዙ ሽቅብ ማዞር ስላለበት መሻገሪያው 69 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በክረምት ሙሉ ወንዝ መሻገር ግድ የሆነበት ዋናተኛ ከመግቢያው በታች ምቹ መውጫ አስቀድሞ የሚመርጠው ስሌቱን በልምድ ስለሚያውቀው ነው።

ጠጋ፣ ገለል፣ አላፊ አግዳሚ

ሸርጣኑ በራሱ አካል፣ አውሮፕላኑ በመሬቱ ይለካሉ። የዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ ሦስተኛ መለኪያ አለው፤ እርሱም ሌላው ሰው ነው። አማርኛ ወደ ጎን መሄድን በአንድ ግሥ ብቻ አይናገርም፤ በምትኩ አለ ከሚለው ግሥ ጋር የሚነገሩ አያሌ ቃላት አሉት። ጠጋ አለ፣ ፈቀቅ አለ፣ ገለል አለ፣ ገሸሽ አለ፣ ዘወር አለ፣ ሸተት አለ ይባላል። ተሳፋሪ ሲበዛ የታክሲ ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል፤ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሲቀመጡም የሚባለው ይኸው ነው። ጠጋ ማለት ወደ ሰው መቅረብ ነው። ገለል ማለት ከሰው መንገድ መውጣት ነው፤ ገለል በል የተባለ ሰው ወደ ግራ ይሂድ ወደ ቀኝ አልተነገረውም፣ የተነገረው መንገዱን እንዲለቅ ብቻ ነው። ገሸሽ ሲል ደግሞ የማይፈልገውን ነገር እየሸሸ ነው፤ ከኃላፊነት ገሸሽ አለ መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። ፈቀቅ ለግዑዝ ነገርም ያገለግላል፤ ቁም ሣጥኑ ፈቀቅ አላለም ይባላል። በእነዚህ ቃላት ውስጥ የማዕዘን ልክ የለም፤ ያለው የሰው ለሰው ግንኙነት ነው። ከዚህ የተነሣ ገለል በል የሚለውን ትእዛዝ ወደ ሒሳብ ቋንቋ ለመመለስ የሚሞክር ተማሪ ትእዛዙን የሰጠው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ሊመልሰው አይችልም።

ጎን ራሱ በምሳሌያዊ አነጋገር ሁለት ፊት አለው። ከጎኑ ቆመ ሲባል ረዳው ማለት ነው፤ ወደ ጎን ተወው ሲባል ግን ችላ አለው ማለት ነው። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ከታሰበው መሥመር ውጭ የመጣ ውጤት ነው። አላፊ አግዳሚ የሚለው ጥንድ ቃል ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ አላፊው በመንገዱ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ሲሆን አግዳሚው መንገዱን አቋርጦ የሚሄደው ነው። ይኸው ግ፣ ድ እና ም የያዘ ሥር አግድም፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጋደም አለ፣ ተጋደመ በሚሉት ቃላት ውስጥ ይገኛል፤ በእግር ኳስ ዘገባም የግቡ የላይ ብረት አግዳሚ፣ የጎኖቹ ደግሞ ቋሚ ይባላሉ።

ግራና ቀኝም እንዲሁ ከአካል የተነሡ ስለሆኑ ያደናግራሉ፤ ቋንቋው ራሱ ለተደናገረ ሰው ግራ ገባው ይላል። መምህሩ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ ቀኝ እጁን ሲያነሣ ሕፃናቱ ትይዩ የሆነውን ግራ እጃቸውን ያነሣሉ። ይህ የሕፃናቱ ስሕተት ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ የመምህሩ ጎን ከእነርሱ ጎን ጋር አለመስማማቱ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ቢያሳይ ችግሩ ይወገዳል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ የሚነገረው ጉጉ ዪሚቲር የተባለው ቋንቋ ከዚህ ችግር የሚድነው በሌላ መንገድ ነው። ተናጋሪዎቹ ለቅርብ ነገር እንኳ ግራና ቀኝ በማለት ፈንታ ሰሜንና ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ይላሉ፤ ሰው ሲዞር አቅጣጫው አብሮት አይዞርም። የኢትዮጵያ ደገኛም በከፊል ይህን ያደርጋል። ቤቱ ወዴት ነው ሲባል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብሎ ይመልሳል፤ መለኪያው የመሬቱ ተዳፋትነት ነው።

አግድም ይታረስ ሲባል

የተዳፋቱ ነገር ከቋንቋ አልፎ ወደ ማሳ ይወስዳል። በበሬ የሚጎተተው የአገሩ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ሁለት ጎን ይከፍለዋል እንጂ አይገለብጠውም። በትልሞቹ መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚቀር ገበሬው በሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን ትልም አቋርጦ ማረስ ግድ ይሆንበታል። በሜዳ ላይ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። በተዳፋት ላይ ግን ከሁለቱ እርሻዎች አንዱ ዳገቱን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትልም ያወጣል፤ ዝናብ ሲመጣም ትልሙ የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባቀረቡት ግምት በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። የዚህ ሁሉ ምክንያት የትልም አቅጣጫ ብቻ ነው አይባልም፤ ነገር ግን ገበሬው በየዓመቱ በገዛ እጁ ሊወስነው የሚችለው ምክንያት እርሱ ነው።

አግድም እረስ የሚለው ምክር የሚሰጠውም ስለዚህ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ጎደሎ ነው፤ ከምን አንጻር አግድም? መካሪው የሚያስበው ከተዳፋቱ አንጻር ነው። የሁለተኛውን እርሻ ሊጀምር ጥማዱን የያዘ ሰው ግን ከፊቱ ያለው የመጀመሪያው ትልም ነው። የመጀመሪያው ትልም ተዳፋቱን አቋርጦ የወጣ ከሆነ፣ ያንን ትልም አግድም ማረስ ማለት ቀጥ ብሎ ቁልቁል መውረድ ነው። አንዱ ቃል ሁለት ተቃራኒ ሥራ ያሠራል። በዚህ ላይ ማሳው ከላይ ወደ ታች የወረደ ጠባብ ቁራጭ በሆነበት ቦታ አቋርጦ ማረስ በሬዎቹን ቶሎ ቶሎ ማዞር ስለሚጠይቅ፣ ገበሬው ምክሩን ሳይቀበል ቢቀር በግትርነት ብቻ ሊወቀስ አይገባውም። የመምህር ድርሻ የቃሉን መነሻ አብሮ መናገር ነው፤ ይኸውም ውኃው ከሚወርድበት አቅጣጫ አንጻር አግድም ማለት ነው።

በሒሳብ ክፍል አግድም የሚባለው መሥመር በሰሌዳው ላይ ከታችኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሰመረው ነው። ደብተሩ በጠረጴዛ ላይ በተኛ ጊዜ ግን በገጹ ላይ ያሉት መሥመሮች ሁሉ፣ ቋሚ የሚባሉት ሳይቀሩ፣ በእውነት አግድም ናቸው፤ የቋሚና የአግድም ስም ከሰሌዳው የተወረሰ ልማድ ብቻ ይሆናል። በኮረብታ ወገብ ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ። በአንድ ተዳፋት ላይ በአንድ ነጥብ የሚያልፍ፣ ከመሬቱ ሳይለቅ የውኃ ልክ የሆነ መሥመር አንድ ብቻ ነው፤ ያም ሽቅብም ቁልቁልም ሳይል ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄደው ነው። የሒሳቡ አግድም፣ የገበሬው አግድምና የካርታው የከፍታ መሥመር በዚያ ነጥብ ላይ አንድ ይሆናሉ።

ይህን ለማሳየት ውድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አያስፈልግም። ርዝመታቸው ሁለት ሜትር ያህል የሆነ ሁለት እንጨቶች ከላይ ተጋጥመው፣ ከወገባቸው በአንድ አግዳሚ እንጨት ይታሰራሉ፤ ከጫፉም ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እንደ ቱንቢ ይንጠለጠላል። መሣሪያው በሁለት ነጥቦች ላይ ቆሞ ገመዱ አግዳሚውን የሚነካበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ እግሮቹ ቦታ ተለዋውጠው ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል፤ የሁለቱ ምልክቶች መካከለኛ ነጥብ የውኃ ልክ ነው። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለ ተዳፋት ላይ አንዱን እግር ተክለው፣ ሌላውን ገመዱ መካከለኛው ነጥብ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሽቅብና ቁልቁል እያንቀሳቀሱ፣ በየእግሩ ችካል እየመቱ ይሄዳሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚወጣው መሥመር ምን እንደሚመስል በደብተሩ ላይ ቢሥል መልካም ነው። ብዙዎቹ ቀጥ ያለ መሥመር ይሥላሉ፤ አግድም ሲባል የሚያውቁት የሰሌዳውን ነውና። ሃያ ያህል ችካሎች ከተመቱ በኋላ ወደ ላይ ወጥተው ሲመለከቱት መሥመሩ በጉብታው ላይ ወደ ውጭ ጎበጥ፣ በሸለቆው ላይ ወደ ውስጥ ገባ እያለ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ችካልና የመጨረሻው ችካል ግን እኩል ከፍታ ላይ ናቸው።